ከ‹ጠ› በፊት ያለው ፊደል

አንድ ቀን፣ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ግራር ሜዳ በምትባል የጎጃም ትንሽ ከተማ ወዳለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሱፐርቫይዘር መጡ። ሱፐርቫይዘር ማለት፣ ለማታውቁት፣ ማስተማር ሲሰለቸው ቢሮ ገብቶ የሚያስተምሩትን እንዲያሰለች ደሞዝ የሚቆረጥለት ሰው ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ ደህናም አሉ ይባላል። አቶ ጓንጉል ግን ከደህናዎቹ ወገን አልነበሩም።

የመጡት የሁለተኛ ክፍሉን መምህር፣ አበጀን፣ ለመገምገም ነው። አበጀ የተከሰሰው ልጆቹን በጭፈራ ያስተምራል ተብሎ ነው። ክሱ ደግሞ ውሸት አልነበረም። «ሁለት በሦስት ስንት ነው?» ሲል ልጆቹ ተነሥተው ሦስት ጊዜ ይዘላሉ፤ በየዝላዩ አንዴ ቀኝ ትከሻ አንዴ ግራ ትከሻ ይመታሉ፤ የመቷትን ትከሻ ሁሉ ቆጥረው «ስድስት» ይላሉ። መቀነስ ሲሆን ቁጢጥ ነው። ፊደል ሲሆን ደግሞ በጭብጨባ፣ ከበሮውም አፉ የተቀደደ ቢጫ ጀሪካን። ስልሳ ሁለት ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይኼ ሁሉ ሲሆን አቧራው ምን ሊመስል እንደሚችል እናንተው ገምቱት።

ታዲያ አንድ ቀን ልጆቹ በአምስት ሲያባዙ የግድግዳው ምርጊት ወዲያ ማዶ ተገምሶ፣ የአራተኛ ክፍሉ መምህር ጸጥ ብሎ የመልመጃ ደብተር በሚያርምበት ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። የክሱን ደብዳቤ ለወረዳው የጻፈው እሱ ነው። የሱ ልጆች ሰባት በስምንት ስንት ነው ሲባሉ ጣሪያ ጣሪያውን እንደሚያዩ ግን በደብዳቤው ላይ አልጻፈም።

ነገሩ ለአበጀ ቀልድ አልነበረም። ሚስቱ ፈንታነሽ በዚህችው ከተማ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። እሷ እዚህ፣ እሱ በረሃ ተመድቦ፣ አራት ዓመት ሙሉ ትዳራቸው በስልክ ነበር፤ ያውም ኔትወርክ ሲኖር። ዝውውር አግኝቶ አብረው መኖር ከጀመሩ ገና ሰባት ወራቸው ነው። አንድ መጥፎ ሪፖርት ከተጻፈበት ወደዚያው ወደ በረሃው ይመልሱታል።

ርእሰ መምህሯ ወይዘሮ ትርንጎ ጠዋት ቢሯቸው ጠርተው መከሩት።

«አበጀ፣ ዛሬን ብቻ፣ ዛሬን አንዲት ቀን እንደ ሰው አስተምር። ከጓንጉል ጋር እልህ አትጋባ። እኔን ተወኝ፣ ፈንታነሽን አስባት።»

«እሺ እትዬ» አለ አበጀ።

ከልቡ ነው እሺ ያለው። ክፍል ገብቶ ጀሪካኑን ከጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ደበቀና «ልጆች፣ ዛሬ እንግዳ አለብን። ማንም ከመቀመጫው ንቅንቅ እንዳይል» አላቸው። አቶ ጓንጉል ከኋላ በኩል ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀመጡ። አበጀ ሰሌዳው ላይ ሁለት በአራት ብሎ ጻፈና ጠየቀ።

ዝም። ዘወትር እጃቸውን ዓይኑ ውስጥ የሚከቱት ልጆች ሁሉ ዝም።

ብርቅነሽ የምትባል ልጅ እንደ ምንም እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ተነሥቼ ነው ቁጭ ብዬ?»

«ቁጭ ብለሽ።»

ልጅቱ ቁጭ እንዳለች አሰበች፣ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፣ አልመጣላትም። ከዚያ የቀኝ ትከሻዋ ሳትፈልግ ብቅ አለ። ግራው ተከተለ። አጠገቧ ያለችው ልታግዛት ብላ ጀመረች፣ ቀጥሎ ዴስኩ በሙሉ፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ፣ እና ስልሳ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «ስምንት» ብለው ጮኹ። አበጀ በዚያች ደቂቃ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር።

«በቃ፣ በቃ፣ በቃ» አሉ አቶ ጓንጉል። «ለመሆኑ ይኼ ክፍል ነው የሰርግ ዳስ?»

«ክፍል ነው ጋሼ።»

«እኔ ዳስ ነው የመሰለኝ። ሙሽራዋ የት ሄደች ብዬ እኮ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። አቶ ጓንጉል ግን ለማሳቅ አልነበረምና ፊታቸውን ቋጠሩት።

«ስማ መምህር፣ እኔ ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ዘንድ ነው። ዋርካ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ። በኛ ጊዜ ተማሪ ቁጭ ካለ ቁጭ አለ ነው። አንገት አይዞርም፣ ትከሻ አይነቀነቅም። ዕውቀት የሚገባው በጆሮ ነው። በትከሻው ዕውቀት የገባለት ሰው ካየህ ንገረኝ።»

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ መልሱን አግኝተውታል።»

«ዝንጀሮም እየዘለለች እሸቱን ታገኘዋለች።»

ይኼን ብለው ቅጹን መሙላት ጀመሩ። ብዕራቸው ሲሮጥ እስከ ፊት ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር። ጨርሰው ወደ አበጀ ዘረጉለት።

«ፈርም። ለሚቀጥለው ዓመት እዚያው በረሃህ ሄደህ ጨፍር። ሙቀት ስለሆነ ብዙም አትዘልም።»

አበጀ ወረቀቱን አየው። ፈንታነሽ ትናንት ከተረኝነት ስትመለስ በር ላይ ቆሞ ሲቀበላት ያየችው አስተያየት ትዝ አለው፣ ደሙም ፈላ። በሩ ላይ ደግሞ ጫጫታውን ሰምተው የመጡት ወይዘሮ ትርንጎ ቆመው «አደራህን» በሚል ዓይን ያዩታል። አበጀ እሳቸውን እንዳላየ ሆነ።

«እፈርማለሁ ጋሼ» አለ። «ግን መሄዴ ካልቀረ አንዲት ጥያቄ ልጠይቅዎት። ቁጭ እንዳሉ፣ እንደዚያ እንደ የኔታ ተማሪ፣ ሳይነቃነቁ ከመለሱልኝ መፈረም ብቻ አይደለም፣ ዛሬውኑ ዕቃዬን እጭናለሁ።»

«ካልመለስሁስ?»

«ቅጹን ይቀድዱታል።»

ወይዘሮ ትርንጎ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አቶ ጓንጉል ግን ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ስልሳ ሁለት ሕፃን እያየው እምቢ አይልም።

«ጠይቅ» አሉ፣ ወንበራቸው ላይ እየተመቻቹ። «ከፈለግህ የአሥረኛ ክፍል አልጀብራ አምጣ።»

«ኧረ እኔ ምን አልጀብራ አውቄ። ከነዚሁ ልጆች ትምህርት ነው። በፊደል ገበታ ላይ፣ ከ‹ጠ› በፊት ያለው ፊደል ማን ነው?»

«ይኼማ» አሉ አቶ ጓንጉል ፈገግ ብለው። አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። እንደገና ከፈቱት።

እናንተም አሁን ከ‹ሀ› ተነሥታችሁ ቁልቁል እየወረዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አትፈሩ፣ እዚህ የሚፈርድባችሁ የለም። የኛ ሰው ፊደልን ከመሀል አያውቀውም። በዜማ ነው የገባው፣ የሚወጣውም በዜማው ነው።

አቶ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለራሳቸው ያህል በሹክሹክታ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» አሉ። «ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ» ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረ። «ቀ፣ በ፣ ተ» ሲሉ ወገባቸው ወደ ፊት ወደ ኋላ ሄደ፣ ያ የኔታ ፊት ያደገ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው መወዛወዝ። ልጆቹ የሚያውቁት ነገር ሲመጣ ዓይናቸው በራ። ከፊት በኩል አንዷ ቀስ ብላ አጨበጨበችላቸው፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። «ቸ፣ ኀ፣ ነ፣ ኘ» ላይ ከሰሌዳው ጀርባ ጀሪካኑን ማን እንዳወጣው አልታወቀም። «አ፣ ከ፣ ኸ፣ ወ» ሲባል አቶ ጓንጉል ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ድምፃቸው ወጥቷል፣ እግራቸው መሬቱን ይመታል፣ ቅጹም ብዕሩም ከጉልበታቸው ወድቋል። «ዐ፣ ዘ፣ ዠ፣ የ» ላይ ሰውየው ክፍሉ መሀል ናቸው፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ ከምርጊቱ ሌላ አንድ ቁራሽ ሲወርድ ተሰማ።

«ደ፣ ጀ፣ ገ» አሉና ቀጥ ብለው ቆሙ። ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረዋል። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል።

«‹ገ› ነው። ከ‹ጠ› በፊት ያለው ‹ገ› ነው። አየህ? የኔታ ያስተማሩት እንዲህ ነው። አርባ ስድስት ዓመት አልፎት አንዲት ፊደል አልጠፋችብኝም።»

አበጀ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ለማንኛውም ልክ ለመለሰ ተማሪ በሚናገርበት ድምፅ፣ ረጋ ብሎ «ጎበዝ» አላቸው። «ልጆች፣ ለጋሼ አጨብጭቡላቸው።»

ልጆቹ አጨበጨቡ፣ ከልባቸው። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀና፦

«አሁን ቁጭ ይበሉ ጋሼ» አለ። «ለመሆኑ ማን አስነሣዎት?»

አቶ ጓንጉል ዞር ብለው ባዶ ወንበራቸውን አዩት፣ ቅጹን ከመሬት አንሥተው አቧራውን አራገፉ፣ ሁለት ቦታ ቀደዱት፤ አበጀም ምሳውን ቤቱ፣ ከፈንታነሽ ጋር በላ።