ሳይዘሩበት ያበቀለው ማሳ

ዘርጋው የሚባል ባለሀብት ለስንዴ ብሎ በወሰደው ሰፊ መሬት ላይ አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት የስንዴ ዛላ አልታየችም። የበቀለበት አሜኬላ ብቻ ነው። የመንግሥት የእርሻ ድጎማ ግን ዓመት ጠብቆ ይመጣለታል፤ በእሱም ከተማ ላይ ፎቅ ሠርቶበታል።

የስድስተኛው ዓመት ድጎማ በሚሰጥበት ቀን የወረዳው አስተዳዳሪ ገበሬውን ሁሉ ዳስ ውስጥ ሰበሰበና በምርቃታቸው የሚታወቁትን አንድ ምላሰኛ ሽማግሌ አስነሣ።

«አባባ፣ የአቶ ዘርጋውን እርሻ ይመርቁልን። ዝናብ እንዲወርድላቸውም ይለምኑላቸው» አለና ጠጋ ብሎ በጆሯቸው፣ «እምቢ ካሉ ዘንድሮም ማዳበሪያ የለም» ሲል አከለበት።

ሽማግሌው አምና ያለ ማዳበሪያ ዘርተውት ቀጭጮ የቀረው ጤፋቸው ትዝ አላቸው። ቢመርቁ ውሸት፣ ቢተዉ ረሃብ ሆነባቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው እጃቸውን ዘረጉ።

«አምላኬ ሆይ፣ የአቶ ዘርጋውን ማሳ በረዶ አይምታው እንዳልል ቡቃያ የለውም። አንበጣ አይረፍበት እንዳልል፣ ቢያርፍበት በረሃብ የሚያልቀው አንበጣው ነው። ዝናቡን ግን ለእኛ ስጠን። የእኛ መሬት ካልዘነበበት አያበቅልም፤ የእሳቸው ሳይዘሩበት ፎቅ አብቅሏል።»

አስተዳዳሪው አፉን ሳይከፍት ዳሱ በሙሉ «አሜን» አለ።