«ትቅር» አላልኩም

እስቲ ዛሬ አንዲት ልብስ ሰፊ ላስተዋውቃችሁ። በፊት ባገለገልኩበት ደብር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ትንሽ ሱቅ ነበራት። ቀሚስ ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የመዘምራኑን ልብስ በነጻ ትጠግናለች። ቅዳሴ አታስታጉልም። ስሟ አስካለ ነው።

አስካለ አንድ ታናሽ እኅት አለቻት፤ ወለላ ትባላለች። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ነው፤ በእግር ሃያ ደቂቃ። እናታቸው ሦስት ወር ሲተኙ ያስታመመቻቸው አስካለ ብቻዋን ነበረች። ወለላ የመጣችው ለቀብር ነው። ለምን? ፈርታ! እናቷ ሲሞቱ ማየት ፈርታ ነው የቀረችው፤ ይህን ግን ያኔ ለማንም አልተናገረችም።

አስካለ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ «ስትታመም ያልመጣሽ፣ አሁን ለማን ልታለቅሺ ነው?» አለቻት። ወለላ ነጠላዋን ሰብስባ ከድንኳኑ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀረ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ወለላ አላስችል አላት። ሽማግሌ ላከች። ሽማግሌው ማን መሰላችሁ? እኔ! አትሳቁ። ያኔ ከጉባኤ ቤት ገና የወጣሁ መምህር ነኝ፤ ዓለምን ሁሉ የማስታርቅ ይመስለኛል።

«መምህር፣ እባክዎ እትዬን ይጠይቁልኝ፤ ለሙት ዓመቱ ልምጣ ወይስ ልቅር?» አለችኝ።

ሄድኩ። አስካለ ስፌት ላይ ናት። ሰው ልብሱን ሊወስድ በር ላይ ቆሟል፣ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ እኔም ለማኅበር ቸኩያለሁ። ከደጃፉ ሳላልፍ፣ «እትዬ አስካለ፣ ወለላ ልካኝ ነው። ልምጣ ወይስ ልቅር ትላለች» አልኳት።

አስካለ ቀና አላለችም። መኪናዋንም አላቆመችም። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤

«ይቅር።»

እኔም ቃሉን ይዤ በረርኩ። «ወለላ፣ እኅትሽ መምጣቱ ይቅር ብላለች» አልኳት። ተፈጸመ! መልእክት ማድረስ እንዲህ ነው!

የሙት ዓመቱ ዕለት እኔም ነበርኩ። አስካለ ከጎኗ አንድ በርጩማ አስቀምጣ ሰው አላስቀምጥ አለች። አንዱ ሊቀመጥ ሲል «ሰው አለበት» ትላለች። ሌላው ሲመጣም «ሰው አለበት» ትላለች። ሰዉ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ። በርጩማው ባዶውን ዋለ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ «ማንን ትጠብቂያለሽ?» ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

አራት ዓመት ሄደ። አንዷ «ይቅር ብላት ናቀችኝ» ትላለች። አንዷ «ልምጣ ብዬ ብለምናት ከለከለችኝ» ትላለች። ሁለቱም ይጾማሉ፣ ሁለቱም ይጸልያሉ። ሁለቱም በየቀኑ «በደላችንን ይቅር በለን» ይላሉ፤ ያችኑ ቃል!

አንድ ቀን የመቅደሱን መጋረጃ ላሰፋ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ወሬ ወሬን አነሣና፣ «ያን ጊዜ እሷማ ልትመጣ ነበር፤ እርስዎ ከለከሏት እንጂ» አልኳት።

መኪናው ቆመ።

«ማንን ነው የከለከልኩት?»

«ወለላን ነዋ። ‹ይቅር› አላሉኝም?»

እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ነበር የምትለኝ። ያን ዕለት ግን፣ «አንተ ሰው!» ብላ ጮኸች። «‹ትቅር› አልኩህ ወይ? ‹ይቅር› ነው ያልኩህ! ያልመጣችው ይቅር፣ የተናገርኳት ይቅር፣ ሁሉም ይቅር ማለቴ ነበር እኮ! ግዕዝ እየተረጎምክ አማርኛ አትሰማም?»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጋረጃውን ከመርፌው ሥር እንዳለ ትታ ተነሣች። ሱቁን እንኳ አልቆለፈችም። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ ወንዙን ተሻገርን። ሃያ ደቂቃውን በዐሥር ጨረስነው።

ወለላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነበር። አስካለ ፊቷ ቆመች። ወለላ ዝም አለች። አስካለም ጠበቀች። ወለላ ግን አሁንም ዝም። ከዚያ፣ «ማነው?» ስትል ነው የገባን። የስኳር በሽታ ዓይኗን ወስዶታል። ከወሰደው ገና ስድስት ወሩ ነው።

«እኔ ነኝ፤ አስካለ። ወለላዬ፣ ይቅር በይኝ።»

ወለላ እጇን ዘርግታ የእኅቷን ፊት ዳሰሰች። «እትዬ፣ አርጅተሻል እንዴ?»

«አርጅቻለሁ።»

«እኔ ያው የድሮዋን ነው የማይሽ» አለች። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔ በር ላይ ቆሜ የማደርገው ጠፋኝ።

ታረቁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ወገኖቼ፣ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ ዓይኗ ደኅና ነበር! ያን ሁሉ ጊዜ መተያየት ይችሉ ነበር። ማን ከለከላቸው? ሰይጣን ነው እንዳንል፣ የኔም እጅ አለበት። አስካለም ከልቧ ይቅር ብላለች፤ ከስፌቱ ግን ቀና አላለችም። ይቅርታዋን በሰው እግር ላከችው፤ መንገድ ላይ ክልከላ ሆኖ ደረሰ።

እናንተስ? ዛሬ በቅዳሴው ዲያቆኑ «እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ» ሲል ለማን ሰገዳችሁ? በቀኝና በግራ ለቆመው፣ ተጣልታችሁት ለማታውቁት ሰው! የተጣላችሁት ከዓምዱ ኋላ ቆሟል። ተደብቆ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ ቦታ የመረጣችሁት። ጌታ ምን አለ? መባህን ተውና ሂድ አለ እንጂ ላክ አላለም።

አገራችንስ ያለችው በዚሁ አይደለምን? «እነዚያ እንዲህ አሏችሁ» የሚል ሞልቷል። ሄዶ «እውነት ብላችኋል?» የሚል የት አለ? ያልተባለውን ሰምተን ስንት ዘመን ተኳረፍን!

እናትሽ፣ ወንድምህ፣ ጎረቤትሽ፣ አብሮህ የሚቀድሰው አገልጋይ፣ ዛሬም በርጩማ አስቀምጦ «ሰው አለበት» እያለ ይሆናል። ማን ያውቃል? ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት አትቸኩሉ። ወንዙን ተሻገሩ። ዓይን ሳለ፣ ፊት ለፊት ቆማችሁ፣ ቃሉን አሟልታችሁ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በይኝ» በሉ።

መልእክተኛ አትላኩ። በተለይ እኔን አትላኩኝ።