አልጨስ ያለው ፒፓ

ልብ ብላችሁ ስሙ፤ ነገሩ ሁሉ የተነሣው ከጥቂት ጭስ ነው።

ጉልላት የሚባል ጎልማሳ ከወይራ ጉቶ የመጀመሪያውን ፒፓ ሠራ። ነባሩ ፒፓ ሠሪ አባባ ወልደሰንበት፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭስ ከሳብሁበት ከጎኔ ተቀምጠህ ሙያዬን ትማራለህ። አለዚያ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውታል። ጉልላት ትምባሆ ሞላ፣ ፍም አኖረ፣ ሳበ። ጉንጩ ጎደጎደ እንጂ ጭስ የለም።

«ሰው ተመቅኝቶኛል» አለና ወደ ትምባሆ ሻጯ ወደ እማማ ጥሩወርቅ ገሠገሠ።

«እማማ፣ ፒፓው አልጨስ አለ። ትምባሆው ውስጥ ምን ቀላቀሉበት?»

«አፍህን ያዝ! የኔ ትምባሆ ንጹሕ ነው። እርጥቡን ከሰልህን ጠርጥር።»

ወደ ከሰል ነጋዴው ወደ ጓንጉል ሄደ።

«ፒፓው አልጨስ አለ፤ ፒፓው በትምባሆው አመካኘ፣ ትምባሆው በከሰሉ አመካኘ። ውኃ የረጨህበት እንዲከብድልህ ነው?»

«እኔ አልረጨሁም! የአያ ደምሴ አህያ ወንዝ መካከል ጣለችው። ማን እንደላካት እንጃ!»

ወደ አያ ደምሴ ሄደ።

«ፒፓው አልጨስ አለ፤ ፒፓው በትምባሆው አመካኘ፣ ትምባሆው በከሰሉ አመካኘ፣ ከሰሉ በአህያህ አመካኘ። ማን አባብሏት ነው?»

«አህያዬ ተንኮል አታውቅም። ገመዱ ተበጥሶባት ነው። ገመድ ሠሪው ዘርጋው ይጠየቅ፤ ድሮም ዓይኑን አላምነውም።»

ወደ ዘርጋው ሄደ።

«ፒፓው አልጨስ አለ፤ ፒፓው በትምባሆው አመካኘ፣ ትምባሆው በከሰሉ አመካኘ፣ ከሰሉ በአህያዋ አመካኘ፣ አህያዋ በገመድህ አመካኘች። ምን ትላለህ?»

«ቃጫ የምሰነጥቅበት ቢላዋ ጫፉ ተሰብሯል። በደንብ ካልተሰነጠቀ ቃጫ ምን ገመድ ይወጣል?»

«ማን ሰበረው? ስሙን ንገረኝ፤ አንገቱን ይዤ አባባ ዘንድ አቀርበዋለሁ!»

ዘርጋው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «እንግዲያው አንገትህን ያዝ! ወይራ ልበሳበት ብለህ ተውሰኸኝ፣ ሳትሰናበት ደጃፌ ላይ ጥለኸው የሄድኸው አንተ አይደለህም?»

ጉልላት ፒፓውን ወደ ፀሐይ አቅንቶ በጭስ መውጫው ቀዳዳ አጮለቀ። የቢላዋው ስባሪ መካከሉ ላይ ተሰንቅሮ ብልጭ አለ።

ስባሪውን በመርፌ ጎርጉሮ አወጣ፤ ቢላዋውንም ከዘርጋው ወስዶ ስሎ መለሰ። ያን ጊዜ ቢላዋው ቃጫውን ሰነጠቀ፣ ቃጫው ገመድ ሆነ፣ ገመዱ ጭነቱን ያዘ፣ አህያዋ ወንዙን ተሻገረች፣ ከሰሉ ደርቆ ገባ፣ ፍሙ ትምባሆውን አጋለው፣ ፒፓውም ጨሰ!

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አባባ ወልደሰንበት ፒፓውን ተቀበሉ። አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ጉልላትንም በጎሪጥ ተመለከቱት።

«ማን ሠራልህ?»

«ራሴ ነኝ።»

«ማንም አልነካውም?»

«ያበላሸሁት እኔ፣ ያቃናሁትም እኔ።»

አባባ ሳቡ። ጭሱ በነጭ ጢማቸው መካከል ቀስ ብሎ ወጣ።

«እንግዲያ ነገ በጠዋት ና» አሉት።

ተረቴም ከጭሱ ጋር ወጥቶ ሄደ፤ ለቀረው ነፋሱ ይጠየቅ።