አፉን የፈራው ሽማግሌ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጥርሱን ስለታመመ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ሰውየው የእድር ሽማግሌ ነው። ሰፈር ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት፣ በአጥር የተጋጨ ጎረቤት ካለ የሚጠራው እሱ ነው። ደርበው እንበለው።

የደርበው የመጨረሻ መንጋጋ፣ የጥበብ ጥርስ የሚሉት፣ ድድ ውስጥ አግድም በቅሎ አጠገቡ ያለውን ጥርስ ይገፋል። ጉንጩ ያብጣል፣ ይተወዋል፣ ደግሞ ያብጣል። በነጭ ሽንኩርትና በማስታገሻ ክኒን ሲያታልለው ከረመ። በመጨረሻ አፉ ለጉርሻ እንኳ አልከፈት ሲለው ክሊኒክ ሄደ።

ዶክተር ፈትለወርቅ አየችውና "መውጣት አለበት" አለችው። "ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ድድዎን ብቻ በመርፌ ማደንዘዝ ነው። አያምዎትም፣ ግን ነቅተው ሁሉን ይሰማሉ። ሁለተኛው፣ ከሱ ጋር በደም ሥርዎ የሚያረጋጋ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። ያንቀላፋሉ፣ ስናናግርዎት ይመልሳሉ፣ በኋላ ግን ብዙውን አያስታውሱትም። ያኔ ቤት የሚያደርስዎ ሰው ያስፈልጋል።"

ይህ ደርበው መርፌ አጥብቆ የሚፈራ ሰው ነው። የትኛውን የሚመርጥ ይመስላችኋል? ሁለተኛውን አትሉም? እሱ ግን ጥያቄ ጠየቀ።

"ሰው እንደዚያ ሲያንቀላፋ ያወራል?"

"አንዳንዱ ይቀባጥራል። አብዛኛው ትርጉም የለውም፤ እኛም ከቁም ነገር አንቆጥረውም።"

"ማን ይሰማዋል?"

"እኛ። ሲነቃ ደግሞ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው።"

"እንግዲያው ነቅቼ ይሁን" አለ።

ዶክተሯን ገረማት። እናንተንስ አይገርማችሁም? እንዲህ የሚፈራ ሰው እንቅልፉ ሲሰጠው እምቢ የሚለው ምን ደብቆ ነው? ሌላ ሴት አለችው? ሰው ገድሏል? የለም ወገኖቼ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የደርበው እናት ሲሞቱ የሚስቱ ወንድም ግዛቸው ቀብር አልመጣም። ግዛቸው ለመማር ከገጠር ሲመጣ ቤታቸው አስቀምጠው፣ አብልተው ያስተማሩት እኒያ እናት ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ከቀብር ይቀራል? ደርበው ቂም ያዘ። ቆይቶ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ግዛቸው ድንጋይ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ ተንበረከከ። ደርበውም "ይቅር ብዬሃለሁ" ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት። ተቃቀፉ፣ ሚስቱ ወይንሸትም በደስታ አለቀሰች።

ውሸት ነበር። ሌላውን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ሽማግሌዎቹን አፍሮ ነው እሺ ያለው። ከዚያ ወዲህ ግዛቸው በሩን ባንኳኳ ቁጥር አፉ "ግባ" ይላል፣ ልቡ ይሻክራል። አሁን መድኃኒቱ አፉን ከቁጥጥሩ ቢያወጣውስ? ወይንሸት አጠገቡ ተቀምጣ "የወንድምሽን ዓይን ማየት አልፈልግም" ሲል ብትሰማውስ? በምን አፉ ያስተባብላል?

ነቅቶ ለመታከም ሞከረ። መርፌው ገና ወደ አፉ ሲቀርብ የዶክተሯን እጅ ጭምድድ አድርጎ ያዘ። ላብ በላብ ሆነ፣ ትንፋሽ አጠረው። "እንዲህ ሆነው አልሠራልዎትም" አለችው። "ሐሙስ ሰው ይዘው ይምጡ፣ በሚያረጋጋው እናደርገዋለን።"

ወይንሸት ይህን ስትሰማ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ግዛቸው በባጃጁ ያመላልሰናል።"

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ የክሊኒኩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ደርበው መሃል። ነርሷ ስሙን ጠራች። ብድግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

"ግዛቸው" አለ፣ "ያን ቀን ድንጋዩን አወረድኩልህ እንጂ ይቅር አላልኩህም። መድኃኒቱ ከሚነግርህ እኔው ልንገርህ ብዬ ነው።"

ወይንሸት በነጠላዋ አፏን ያዘች። ግዛቸው ግን አልደነገጠም። "አውቃለሁ ጋሼ" አለ። "ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አዘኸኝ አታውቅም። ድሮ ሚስማር እንኳ ስትፈልግ እኔን ነበር የምትልከው።"

ደርበው እስከዛሬ ያልጠየቀውን ጠየቀ። "ለመሆኑ ለምን ቀረህ?"

እስቲ አስቡት። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ ድንጋይ ተሸክሟል፣ ምርቃት ወርዷል። ይህን ጥያቄ ግን ማንም አልጠየቀም። ሁሉም ለዕርቁ ቸኩሎ ነበር።

"ታመው ሳሉ አስጠርተውኝ ነበር" አለ ግዛቸው። "ነገ ዛሬ ስል ቀደሙኝ። በሕይወት እያሉ ያልደረስኩላቸው ሰው በምን ዓይኔ ሬሳቸው ፊት ልቁም? የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ መጥቼ ነበር። ለቅሶውን ከውጭ ሆኜ ሰምቼ ተመለስኩ።"

ደርበው እናቱ ይህን ልጅ ማስጠራታቸውን አያውቅም ነበር። ንቆን ቀረ ያለው ሰው ለካ አፍሮ ነው የቀረው። አዘነ። ለእናቱ አዘነ፣ አጥር ሥር ለቆመው ልጅ አዘነ፣ በቂም ላለፉት ዓመታትም አዘነ። የግዛቸውን አንገት ሳብ አድርጎ ግንባሩን ሳመው። ሽማግሌ የለ፣ ምርቃት የለ፤ ነርሷ ብቻ "ኧረ ቶሎ ይበሉ አባቴ" ትላለች።

ገባ፣ አንቀላፋ፣ ጥርሱም ወጣ። ሲነቃ ፋሻ እንደነከሰ "ምን አልኩ?" ብሎ ጠየቀ።

"ምንም" አለችው ወይንሸት ጉንጩ ላይ በረዶ እያስያዘችው። "ስታንኮራፋ ነበር።"

አያችሁ? ያን ሁሉ የፈራው አፍ አንዲት ቃል አልወጣውም።

እኔ ግን ስለ ጥርስ ላስተምራችሁ አልቆምኩም። እናንተን ልጠይቃችሁ ነው። ያ መድኃኒት ዛሬ ቢሰጣችሁ፣ ስትነቁ አጠገባችሁ ማን እንዳይቀመጥ ትፈልጋላችሁ? አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ የማን ስም ነው ወደ ልባችሁ የመጣው? ጌታ ያን ስም ሳታንቀላፉም ይሰማዋል። እሱ ፊት ነቅታችሁም ተኝታችሁም ያው ናችሁ።

"ታርቀናል" ትሉኛላችሁ። ታርቃችሁ ይሆናል። ግን ጠይቃችሁታል? ለመክሰስ ሳይሆን ለማወቅ፣ "ያን ቀን ምን ሆነህ ነው?" ብላችሁታል? መልሱ ደስ የማይል ሊሆን ይችላል። የቀረ ሁሉ አጥር ሥር ቆሞ ያለቀሰ አይደለም፣ በእውነት የናቃችሁም ይኖራል። ቢሆንም ይቅር የምትሉት ምኑን እንደሆነ አውቃችሁ ይቅር ትላላችሁ።

ደርበውን ጥርሱ ገፍቶ ነው ያስጠየቀው። እናንተ ምን እስኪገፋችሁ ነው የምትጠብቁት? ያ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ። ሂዱና ጠይቁት።