አጥሩ የሚሰማው ቃል

«ተረት ተረት።»

«የመሰረት።»

ድምፃችሁ የታመመች ድመት ይመስላል። ከሆዳችሁ በሉት። ተረት ተረት።

«የመሰረት!»

እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ጊዜ፣ የእኔ ቅድመ አያት እንኳ ሳትወለድ፣ አጋምጌ የሚባል መንደር ነበር። መንደሩ ዙሪያውን በአጋም ታጥሯል፤ በሩ አንድ ነው። አጥሩ ጆሮ ነበረው። አጋም ጆሮ የለውም የምትይ አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ስሚ፤ ያኔ ነበረው። ሌባ በጓሮ ሲሾልክ ወይ ጅብ ለበግ ሲመጣ፣ ሰዉ «ሰርጎ ገብ» ይላል። አጥሩ እሾሃም ክንዱን ዘርግቶ ሰርጎ ገቡን በወገቡ ያነሳና ከወንዝ ማዶ ይወረውረዋል።

እንግዳ ግን በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች» ይላል። ከውስጥ «ይግቡ» ይሉታል። ሲገባ ብድግ ብለው «ኖር» ይላሉ፤ እሱም «በእግዜር» ይላል። ይህን ያልተማረ ልጅ እኔ ቤት አይመጣም።

እንግዲህ ያ «ሰርጎ ገብ» የሚሉት ቃል የአጋምጌን ሰዎች ጣማቸው። የጣመ ነገር ሲበዛ ደግሞ ሆድ ያበላሻል።

አንድ ቀን የቆሎ ተማሪ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች» አለ።

«አነጋገሩ የእኛን አይመስልም፤ ሰርጎ ገብ ነው» አሉ።

አጥሩ ወረወረው። ያኔ የአጥሩ አንድ ጎን ደረቀ። ማንም አላየም።

ሌላ ቀን የጨው ነጋዴ ከነአህያው መጣ። እሱም «ቤቶች» አለ።

«አቧራውን እዩት፤ ሰርጎ ገብ ነው» አሉ።

አጥሩ ነጋዴውን ወረወረው። አህያው በሩ ላይ ቀረና ግራ ገብቶት ቆመ። የአጥሩ ሌላው ጎን ደረቀ።

በሦስተኛው ነገሩ አንጓች ላይ ደረሰ። አንጓች ከወንዝ ማዶ የመጣች ሙሽራ ነበረች፤ አማቷ ወይዘሮ ዳሳሽ ራሷ በእልልታ ያስገባቻት። ባሏ ሩቅ አገር ለንግድ ሄዷል፤ ጡት የሚጠባ ልጅም አላት። አንድ ጠዋት ወተት ስትንጥ ቅሉ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

«የእናቴን ቅል» አለች ዳሳሽ። «ከመጣሽ ጀምሮ ቤቴ ዕቃ አልበረከተበትም። አንቺ ሰርጎ ገብ።»

አጥሩ ሰማ። አንጓችን ወረወራት። ህፃኑ በአያቱ ጀርባ እንደታዘለ ቀረ። የጓሮው አጥር በሙሉ ደረቀና ትልቅ ቀዳዳ ተከፈተ።

በዚያ ቀዳዳ ጭራቅ ገባ።

ሰዉ «ሰርጎ ገብ፣ ሰርጎ ገብ» ብሎ ጮኸ። አጥሩ የደረቀ ክንዱን አነሳ፤ ክንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጭራቁ ዳሳሽ ቤት ገብቶ መደቡ ላይ ተንሰራፋ፣ በሬዋን ከነቀንዱ በላ። ከዚያ ህፃኑን አየና «የነገ ምሳዬ ይሄ ነው» አለ።

አንጓች ከወንዝ ማዶ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ጡቷ ወተት ሞልቶ ያማታል። አንድ ጃርት እሾሁን እያንኳኳ መጣ።

«ልቅሶሽን ተይው» አላት። «በጓሮው ቀዳዳ ጭራቅ ገብቶ ልጅሽን ለነገ ምሳው አስቀምጦታል። የአጥር ቀዳዳ ነገር እኔን ጠይቂኝ፤ ዕድሜዬን በዚያ ነው የኖርኩት። ያ አጥር በውሸት ደረቀ። በበር የገባችን ሙሽራና በበር የመጡ እንግዶችን ወረወረ። ሦስታችሁም ተመልሳችሁ ‹ይግቡ› ካልተባላችሁ አይለመልምም።»

አንጓች ፊቷን ታጠበች። ተማሪው ወንዝ ዳር እሾህ ከእግሩ ይነቅላል፤ ነጋዴው አህያዬን ይላል። ሁለቱን አስከትላ በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው?» ብሎ ጭራቁ አጓራ።

«ሦስት እንግዶች ነን ጌታዬ። ግን ምን ያለ ጌታ ነው ራሱ ከበር የሚጯጯኸው? ትልቅ ሰው ተቀምጦ ይበላል፤ እንግዳ የሚያስገባለት አለው» አለች አንጓች።

ጭራቅ ሲያስብ ሆዱ ይጮሃል። ሦስት ምሳ በእግሩ መጣልኝ ብሎ አሰበ። ደረቱንም ነፋ።

«እውነቷን ነው። እኔ በረኛ ነኝ? አንቺ አሮጊት፣ አስገቢያቸው።»

ተማሪው «ቤቶች» አለ። ዳሳሽ «ይግቡ» አለች። የአጥሩ አንድ ጎን ለመለመ።

ነጋዴው «ቤቶች» አለ። «ይግቡ» አለች። ሌላው ጎን ለመለመ። አህያው አናፋ።

አንጓች «ቤቶች» አለች።

ዳሳሽ መልሱን ትታ አንቀልባዋን አጠበቀች። ኩራት ሲዋጥ እንደ አጥንት ነው፤ እኔ አውቀዋለሁ። ያኔ ህፃኑ የእናቱን ድምፅ ሰማና አያቱ ጀርባ ላይ ተንፈራገጠ።

«ግቢ ልጄ» አለች ዳሳሽ። «ቤትሽ ነው። ቅል እንደሆነ ይሰበራል።»

የጓሮው አጥር ለመለመ፤ ቀዳዳውም ተደፈነ። ጭራቁ ይህን ሲያይ ተነሳና ጮኸ፦ «ሰርጎ ገቦች ናቸው፤ ሦስቱንም ወርውራቸው።»

አጥሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«እነሱ ቤቶች ብለው፣ ይግቡ ተብለው ነው የገቡት። አንተን ማን ግባ አለህ?»

ጭራቁ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። እኔ ነኝ ያለ የለም። ዳሳሽ አልጮኸችም፤ ቀስ ብላ «ሰርጎ ገብ» አለች። አጥሩ ጭራቁን በእግሩ አንጠልጥሎ ወረወረው። ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ወደቀ፤ ሲነሳ ያየ የለም።

ሰዉ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር» አለ። ሦስቱም «በእግዜር» አሉ። አንጓች ልጇን ታቅፋ አጠባች። ጃርቱም ከዚያ ወዲያ በበር ነው የሚመጣው። «ቤቶች» ይላል፣ «ይግቡ» ይሉታል፣ ዱባውን በልቶ ይሄዳል።

ልጆች፣ ሰርጎ ገብ ማለት አነጋገሩ የተለየ አይደለም፤ አቧራ የለበሰ፣ ዕቃ የሰበረም አይደለም። ሳያስፈቅድ ሾልኮ ገብቶ የሰው ቤት የሚወርስ ነው። ቃሉን ለእሱ አስቀምጡት። በጨዋ ሰው ላይ ያባከነው፣ ጭራቅ የመጣ ቀን ያጣዋል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በአጋም ፍሬ አብሱ። ስትወጡም በበሩ ውጡ።