የዘበኛው የእንግሊዝኛ ፈተና

ይህን ጨዋታ መጀመሪያ የነገሩኝ የሥራ ባልደረባዬ የነበሩት መምህር ወልደሰንበት ናቸው። አንድ ዘበኛ፣ ይቅርታ፣ ገና ዘበኛ ለመሆን የሚለምን የልጆች አባት፣ ከአንድ ሥራ አስኪያጅ ፊት ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ አማርኛ የሚናገሩት እንግሊዝኛው ሲያልቅባቸው ብቻ ነበር።

«‹ራይዝ› እና ‹ሬይዝ› የተባሉትን የእንግሊዝኛ ግሦች ከነፈሊጣቸው ካልለየህልኝ አልቀጥርህም» አሉት፤ አንዱ መነሣት፣ ሌላው ማንሣት ማለት ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ አልለያቸውም» አለ ሰውየው እጅ ነሥቶ። «አጥር ዘሎ የሚገባ ሌባም አይለያቸውም፤ ለእሱ እኔ እበቃለሁ። እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ ሌባ ግን የሚገባው በመኪና ሆኖ በዋናው በር ነው፤ እሱንማ ልክ ለእርስዎ እንደምነሣው ብድግ ብዬ ከማሳለፍ በቀር ምን አደርገዋለሁ?»

ሥራ አስኪያጁ ሌላ ጥያቄ ሳይጨምሩ ቀጠሩት። እኔም ዛሬ፣ በደብረ ታቦር ዕለት፣ ጻፍሁት።