ሸህ ጧሂርና ያልደረሰው መርከብ

ስሟን ዘመን የበላባት አንዲት የጠረፍ ከተማ ነበረች። ሸህ ጧሂር የሚባሉ አላህን ፈሪ ነጋዴ ከዚያች ከተማ ዕጣን ጭነው፣ ነፋስ እየጠበቁ፣ እስከ ቻይናዋ ጓንዡ ይዘልቁ ነበር። የዚያን ጊዜዋ ጓንዡ ሐሩ የሚወጣባት፣ ዕጣኑ የሚገባባት፣ የስንቱ አገር ሰው የሚተያይባት ወደብ ናት።

ታዲያ ወደቧ አንድ ደንብ ነበራት። የመጣ ዕቃ ሁሉ መጋዘን ገብቶ ይታሸጋል፤ የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ እስኪደርስ ማንም አይሸጥም። ቀድሞ የደረሰ የኋለኛውን ሪዝቅ፣ እንጀራውን፣ እንዳይበላበት ነው።

አንድ ዓመት የኢድሪስ መርከብ ቀረ። ኢድሪስ የሸኹ አገር ልጅ ነው፤ የየቲም ወንድሞቹን ሀብት ሁሉ ጭኗል። በመንገድ ላይ ማዕበል ሲነሳ የመርከቡን ሸራ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ሸኹ ነበሩ። ወደ አገር የሚመልሰው ነፋስ ደግሞ ሊያልፍ ተቃርቧል፤ ካለፈ ዓመት መክረም ነው። ሸኹ ባለቤታቸውን ዘይነብን ታማ ትተዋት ነው የመጡት፤ ዱዓቸው ሁሉ እሷ ነበረች።

ነጋዴዎቹ መክረው ከማል የሚባለውን ባልንጀራቸውን ላኩባቸው።

«ሸኻችን፣ የወደቡ ሹም የርስዎን ቃል ነው የሚጠብቀው። መርከቡ ሰጠመ ይበሉት፤ ነገውኑ መጋዘኑ ይከፈታል።»

«ሲሰጥም አላየሁማ።»

«እስካሁን በሕይወት ሊኖር ነው? ቤትዎ የተኙትን በሽተኛ እንኳ አያስቡም?»

ይቺ ቃል ጎዳቻቸው። እንዲያም ሆኖ፣ «ሸራውን አይቻለሁ፤ መስጠሙን አላየሁም። ያላየሁትን አልመሰክርም» አሉት።

ሹሙ ፊትም ይህንኑ ደገሙ። መጋዘኑ እንደታሸገ ነፋሱ አለፈ። ነጋዴው ሁሉ አኮረፋቸው፤ ሰላምታ የነሳቸውም ነበር። ሸኹ ሰግደው ሲያበቁ ብቻቸውን ያለቅሱ ነበር፤ ሰው ናቸውና።

ወራት አለፉና ነፋሱ ዞረ። እነሱን አላስኬድ ያለው ነፋስ ኢድሪስን ይዞ መጣ። ምሰሶው ተሰብሮበት በአንዲት ደሴት ሲጠግን ከርሞ ነበር። ነገሩን ሲሰማ ሸኹ እግር ላይ ወደቀ።

«በእኔ የተነሳ ዘይነብን...»

«ተነስ ልጄ» አሉት። «በምላሴ ገድዬህ ቤቴ ብገባ፣ እሷን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

ዘይነብን በሕይወት አገኟት ይሆን? ታሪኩን ያወረሱን አባቶች አልነገሩንም፤ እኔንም ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሸኹ ቃል ግን ለእኛ ተርፏል። ከመስጊድ የራቀውን ጎረቤት፣ ስደት ወጥቶ ድምፁ የጠፋውን ልጅ፣ ስንቱን «እሱማ አበቃለት» ብለን መስክረንበታል! ጀማዓው፣ የዘገየ ሁሉ አልሰጠመም።